ማን ለማን ሰጠ? መሥዋዕትና ሥርየት በክርስትና እምነት

የክርስቶስ ሞት ስለ ኃጢአታችን መሆኑን የማይመሰክር የክርስቲያን ወገን የለም። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በዚህ አንድ ናቸው። ክርክሩ የሚነሣው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ የሆነ ሞት ዛሬ በጎንደር ወይም በዋሽንግተን የሚኖረውን ሰው ኃጢአት የሚያስተሰርየው እንዴት ነው? ዕዳ ተከፍሎ ነው? ከተከፈለስ ተቀባዩ ማን ነው? ቅጣት ነው? ከሆነ ንጹሑን ስለ በደለኛው መቅጣት እንዴት ፍትሕ ሊባል ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ታላላቆቹ ጉባኤያት የወሰኑት መልስ የለም። በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቁስጥንጥንያ፣ በ431 በኤፌሶን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ ፊደል እስከ መቁጠር ድረስ ተከራክረው ወስነዋል። ሞቱ እንዴት እንደሚያድን ግን መዳናችን በእርሱ መሆኑን መስክረው አልፈዋል። ነገሩ ለሰባክያን፣ ለቅዳሴና ለመምህራን ቀረ። ስለዚህ ባለፉት ሃያ መቶ ዓመታት የተሰጡትን መልሶች ስንዳስስ ሃይማኖትን ከኑፋቄ እየለየን አይደለም። አብዛኞቹ በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ የተነገሩ ማብራሪያዎች ናቸው።

እኔ እነዚህን ማብራሪያዎች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሰጪው ማን ነው? በብዙዎቻችን ልብ ያለው ሥዕል የተቆጣ አምላክ፣ ቁጣውን ለማብረድ የሚቀርብ ደም፣ ደሙን አይቶ የሚራራ ልብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከዘሌዋውያን እስከ ዕብራውያን ሲነበብ እንቅስቃሴው የተገላቢጦሽ ነው። የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ተቀባይ ነው። ይህን የሳተ ማብራሪያ ቋንቋው የቱንም ያህል መንፈሳዊ ቢሆን መነሻውን ስቷል ብዬ አምናለሁ።

በመሠዊያው ዙሪያ

ብዙ ሰባኪ ወደ መስቀሉ የሚሮጠው ኦሪት ዘሌዋውያንን ዘሎ ነው። ትልቁ ጉዳትም እዚህ ላይ ይደርሳል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሰባት ምዕራፎች አምስት ዓይነት መሥዋዕት ያሳዩናል፤ የሚቃጠል መሥዋዕት፣ የእህል ቁርባን፣ የደኅንነት መሥዋዕት፣ የኃጢአት መሥዋዕትና የበደል መሥዋዕት። በዋናነት ለጥፋት የተሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የደኅንነቱ መሥዋዕት ማዕድ ነው። ስቡ ለእግዚአብሔር ይቃጠላል፣ ፍርምባውና ወርቹ ለካህናቱ ይሰጣል፣ የቀረውን ሥጋ አቅራቢው ከወገኖቹ ጋር ይበላዋል። የእህሉ ቁርባን ደግሞ ደም የሚባል ነገር የለበትም።

የኃጢአት መሥዋዕት እንኳ ሁልጊዜ ደም አይጠይቅም። በግ ወይም ፍየል የማይገኝለት ሰው ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል ያመጣል። ይህም ካቃተው የኢፍ መስፈሪያ አንድ ዐሥረኛ መልካም ዱቄት ያቀርባል፤ ኃጢአቱም ይሰረይለታል። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ያለ ደም ስርየት እንደሌለ ሲናገር በሕጉ ጥቂት የቀረ ነገር እንዳለም የሚጠቁመው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ድሀው በዱቄቱ ሥርየት ካገኘ፣ መሥዋዕቱን የሚያሠራው የተገደለው ነፍስ መጠን ሳይሆን የሰጪው የእግዚአብሔር ቃል ነው።

እንስሳውን የሚያርደው ማን እንደ ሆነም እንይ። በደለኛው ራሱ ነው። እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ይጭናል፣ ያርዳል፤ የካህኑ ሥራ የሚጀምረው ከደሙ ነው። ሕጉ ስለ እንስሳው ሥቃይ አንድ ቃል አይናገርም፤ ማሠቃየትም የሥርዓቱ ክፍል አይደለም። ደሙ የሚፈለገው ሕይወት በእርሱ ውስጥ ስለሆነ ነው። በዘሌዋውያን 17 ይህ ሲገለጽ እግዚአብሔር ደሙን በመሠዊያው ላይ እንዲያስተሰርይ እርሱ ራሱ ለሰዎቹ እንደ ሰጣቸው ይናገራል። መሥዋዕቱን ለእስራኤል የሰጠው መሥዋዕት የሚቀርብለት አምላክ ነው።

የማስተስረያ ቀን ሥርዓትም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፤ ዕጣ ይጣልባቸዋል። አንዱ ይታረዳል፣ ደሙም መቅደሱን ያነጻል። ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት የሚናዘዝበት ግን በሌላው ላይ ነው፤ ያ ፍየል አይታረድም፤ በሕይወቱ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ኃጢአት የተጫነበት አልታረደም፤ የታረደው ኃጢአት አልተናዘዙበትም። ፍየሉ በሕዝቡ ፈንታ የሞት ፍርድ ተቀበለ የሚለው ቀላል አነጋገር ከዚህ ምዕራፍ ጋር አይገጥምም። የአይሁድ ሊቅ ያዕቆብ ሚልግሮም በ1991 መውጣት በጀመረው ሰፊ የዘሌዋውያን ትርጓሜው ይህንን አጉልቶ አሳይቷል። በእርሱ ንባብ የሕዝቡ ኃጢአት እንደ እድፍ በመቅደሱ ላይ ይከማቻል፤ ካልጸዳ እግዚአብሔር ከመካከላቸው ይርቃል፤ ደሙም የሚያጸዳው ማደሪያውን ነው። ምዕራፉ ራሱ ስለ መቅደሱ ማስተስረይ ስለሚናገር ንባቡ መሠረት አለው።

ይህ ግን ምትክነትን ከብሉይ ኪዳን ጨርሶ አያወጣውም። በኢሳይያስ 53 የተሣለው መከረኛ አገልጋይ የብዙዎችን ኃጢአት ይሸከማል፤ ነፍሱም የበደል መሥዋዕት ትሆናለች። ሐዋርያት ወደዚህ ምዕራፍ ደጋግመው የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን አገልጋዩን የላከው፣ የሚያከብረውም እግዚአብሔር ነው።

የበደል መሥዋዕት ደግሞ በስብከት ብዙም አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባል። ባልንጀራውን ያታለለ፣ የቀማ፣ አደራ የካደ ሰው በግ ይዞ ስለመጣ ብቻ አይሰረይለትም። የወሰደውን ሙሉውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ ከዚያ በጉን ያቀርባል። በድፍረት፣ እጅን አንሥቶ ለሚሠራ ኃጢአት ግን ኦሪት ዘኍልቍ መሥዋዕት አላዘጋጀም። ዳዊት ኦርዮንን ካስገደለ በኋላ የጸለየው መዝሙር፣ በእኛ አቆጣጠር ሃምሳኛው፣ መሥዋዕት ትቶ የተሰበረ ልብ ብቻ ይዞ የሚቀርበው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሊያቀርብ የሚችለው እንስሳ አልነበረም። ሆሴዕ፣ አሞጽ፣ ኢሳይያስና ሚክያስም በመሠዊያው ላይ የተናገሩት መሠዊያውን ጠልተው አይደለም፤ የድሀ ጉሮሮ አንቀው የስብ ጢስ የሚያሳርጉትን ስላዩ ነው።

ፋሲካ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በዘጸአት 12 ስለ ኃጢአት የሚናገር ነገር የለም፤ የበጉ ደም በመቃንና በጉበን ላይ ይቀባል፣ ሥጋው ይበላል፣ ሕዝቡ ከባርነት ይወጣል። የመጨረሻው እራት በዚህ በዓል ዙሪያ መደረጉ፣ ዮሐንስም የጌታን ስቅለት የፋሲካ በግ ከሚታረድበት የዝግጅት ቀን ጋር ማያያዙ፣ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መስቀሉን በቅድሚያ ነጻ መውጣት አድርገው እንዳዩት ያሳያል። ጳውሎስ የፋሲካውን በግ፣ ማስተስረያውን፣ ከባርነት መዋጀቱን፣ የፍርድ ቤቱን ጽድቅና የተጣሉ ሰዎችን እርቅ በአንድነት ይጠቀማል። አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን መጣል የእኛ ልማድ እንጂ የሐዋርያት አይደለም።

መሥዋዕት አንሠዋም ያሉ ሰዎች

በ70 የሮም ሠራዊት በቲቶ መሪነት የኢየሩሳሌምን መቅደስ አፈረሰ። የአይሁድ መምህራን ጸሎትን፣ ንስሐንና ምጽዋትን በመሥዋዕቱ ቦታ አቆሙ። ሳምራውያን ግን እስከ ዛሬ በገሪዛን ተራራ የፋሲካውን በግ ያርዳሉ። በሀገራችንም ቤተ እስራኤል ከመቅደሱ መፍረስ በኋላ በተደነገገው የራቢዎች ሥርዓት ውስጥ ስላልነበሩ፣ ሌላው የአይሁድ ዓለም የተወውን የፋሲካ መሥዋዕት በቄሶቻቸው እጅ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ የማስተስረያውንም ቀን አስተሰርዮ ብለው ይጾሙታል።

ክርስቲያኖች በዚያ ዘመን ለጎረቤቶቻቸው እንግዳ ነበሩ። የሚታረድ እንስሳ፣ የሚጨስ መሠዊያ የሌለው አምልኮ በሮም ዓለም እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር፤ አቴናጎራስ በ177 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው መከላከያ ለዚሁ ክስ መልስ መስጠት ነበረበት። ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ በ250 ገደማ ሰው ሁሉ ለአማልክት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ሲያዝዝ ነገሩ የሞት ሽረት ሆነ። ከእነዚያ ወረቀቶች በርካቶቹ በግብፅ ምድር ተገኝተዋል። አንድ ጊዜ የተሠዋ አለን፣ ሌላ አያስፈልግም ማለት መንግሥት የሚጠይቀውን መሥዋዕት እንቢ ማለት ነበር። የመስቀሉ ትምህርት ለእነዚያ ሰዎች የክርክር ጉዳይ አልነበረም፤ አንገታቸውን የሰጡበት ነበር።

ዕዳው ለማን ተከፈለ?

ከሐዋርያት በኋላ የተነሡት አባቶች ትልቁን ቦታ የሰጡት ለድል ነው። የልዮኑ ሄሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንዳስተማረው፣ ክርስቶስ የአዳምን መንገድ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ገና ሄዶበታል፤ አዳም በወደቀበት ሁሉ እርሱ ጸንቷል። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አትናቴዎስም በወጣትነቱ በጻፈው የሥጋዌ መጽሐፉ ዋናውን ችግር ሞት ያደርገዋል። ሰው ከምንም ተፈጥሮ ወደ ምንም እየተመለሰ ነበር፤ ቃል መሞት የሚችል ሥጋ ለበሰ፣ በዚያ ሥጋ የሁሉን ሞት ሞተ፣ ሞትንም በገዛ ቤቱ አጠፋው።

ክርስቶስ ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ መምጣቱን ወንጌል ይናገራል። ቤዛ ካለ ተቀባይ ሊኖር ነው ብለው ያሰቡ ሰዎች ግን ችግር ገጠማቸው። ኦሪጀንና በኋላም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ተቀባዩ ዲያብሎስ ነው አሉ። ጎርጎርዮስ እንዳለው ዲያብሎስ ሥጋውን አይቶ ሊውጠው ቀረበ፤ በውስጡ የተሰወረውን መለኮት ግን እንደ ዓሣ መንጠቆ ዋጠው። የናዝያንዙ ጎርጎርዮስ ይህን በፋሲካ ስብከቱ አጥብቆ ተቃወመ። ወንበዴ ቤዛ ይቀበል ዘንድ፣ ያውም እግዚአብሔርን ራሱን ይቀበል ዘንድ፣ እንዴት ይሆናል? ለአብ ነው እንዳይባል ደግሞ የያዘን አብ አልነበረም፤ ይስሐቅን እንኳ አልቀበልም ብሎ በግ የሰጠ አብ በልጁ ደም እንዴት ይደሰታል? የእርሱ መልስ አብ የተቀበለው ጠይቆ ወይም ጎድሎበት አለመሆኑን፣ ሰው በእግዚአብሔር ሰውነት ሊቀደስ ስለሚገባው መሆኑን የሚገልጽ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ በጥንቱ ዘመን አላገኘሁም።

የእኛ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ጉዳይ የምትተርከው በዕዳ ደብዳቤው ነው። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ መከራ አጸናባቸው፤ ባርነታቸውን ጽፈው ቢሰጡት እንደሚያቀልላቸው ነገራቸው። አዳም ባሪያው፣ ሔዋን ገረዱ መሆናቸውን ጽፈው ሰጡት። እርሱም በሁለት ዕብነ ሩካም ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው። ክርስቶስ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ አንዱን፣ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ሲወርድ ሌላውን ደመሰሰው። ይህ ትረካ ከኑሲሱ ጎርጎርዮስ ትምህርት ጋር ቢመሳሰልም በዋናው ነገር ይለያል፤ እዚህ ለዲያብሎስ የተከፈለ ምንም የለም። በማታለል የተጻፈ ውል ፈረሰ እንጂ ዕዳው አልተከፈለም። ጥምቀትንና ስቅለትንም በአንድ ክር ያስተሳስራል፤ ይህን በዚህ መልኩ የሚያደርጉ የምዕራብ ማብራሪያዎች ጥቂት ናቸው። ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰሙት ይህ ታሪክ ብዙ ሊቃውንት ያልፈቱትን ጥያቄ በጸጥታ ፈቶታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ከእኛ በተለየችው በቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ክርክሩ በ1156 እና በ1157 በጉባኤ ታየ። ሶቴሪኮስ የተባለ ዲያቆን መሥዋዕቱ ለአብ ብቻ ነው የቀረበው አለ። ጉባኤው ለሥላሴ ሁሉ፣ ለወልድ ለራሱም ጭምር መሆኑን ወሰነ። ክርስቶስ መሥዋዕትም፣ መሥዋዕት አቅራቢም፣ መሥዋዕት ተቀባይም ነው የሚለው አገላለጽ በእኛ መምህራንም አንደበት የተለመደ ነው። አብን በአንድ ወገን፣ ወልድን በሌላ ወገን አቁሞ አንዱ እየቀጣ ሌላው እየተቀጣ የሚስል ስብከት ከዚህ እምነት ጋር ሊታረቅ አይችልም።

ካሳ እና ቅጣት

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም እግዚአብሔር ስለምን ሰው እንደ ሆነ የሚመረምረውን መጽሐፉን በስደት ሳለ በ1098 ፈጸመ። ዲያብሎስ በሰው ላይ ምንም መብት የለውም ብሎ ጀመረ። ኃጢአት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር መንሣት ነው፤ ስለዚህ ወይ ካሳ ወይ ቅጣት ያስፈልጋል። ካሳውን መክፈል የሚገባው ሰው ነው፣ መክፈል የሚችለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ።

ዛሬ አንሴልምን የሚተቹ ብዙዎች ጨካኝ አምላክ ሣለ ይሉታል። እኔ ግን በደጋው ሀገር ሽምግልና ያየ አንባቢ ከእነርሱ ይልቅ ይረዳዋል ባይ ነኝ። ደም በፈሰሰበት መንደር ፍርድ ቤት ገዳዩን ሃያ ዓመት ቢያስረው ቂሙ ከእርሱ ጋር አይታሰርም። ሽማግሌ ገብቶ፣ የደም ካሳ ተቆርጦ፣ የሁለቱ ወገን ሰዎች በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ ነው ደሙ የሚደርቀው። ካሳው የሟችን ዋጋ አይተካም፣ ቅጣትም አይደለም፤ ቅጣትን የሚያስቀር፣ ኑሮን የሚመልስ ነገር ነው። አንሴልምም ያለው ይህንኑ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ክርስቶስ አልተቀጣም፤ ቅጣት እንዳይኖር ካሰ። የእርሱ ድካም ሌላ ቦታ ነው። ትንሣኤው በመጽሐፉ ውስጥ ሥራ አጥቷል፤ ሁሉም ዓርብ ላይ ያልቃል።

አቤላርድ፣ የአንሴልም ታናሽ ዘመነኛ፣ በሮሜ መልእክት ትርጓሜው መስቀሉ በእኛ ውስጥ ፍቅርን የሚያነድድ መሆኑን አጎላ። የክሌርቮው በርናርዶስ ፍቅርን ማሳየት ብቻውን አያድንም ብሎ ተቃወመው። በርናርዶስ ልክ ነበር፤ ሰምጦ ለሚሞት ሰው ፍቅርን ማሳየት ማውጣትን ይጠይቃል። ቶማስ አኵዊናስ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት ካሳውን፣ መሥዋዕቱን፣ ቤዛውንና ምሳሌነቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

የተሐድሶ ሰዎች ካሳውን ወደ ቅጣት ለወጡት። ዣን ካልቪን ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ በ1559 በመጨረሻ ባሰፋው መጽሐፉ ክርስቶስ የቆመው በፍርድ ወንበር ፊት፣ በበደለኛው ቦታ ነው። የሀገራችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስብከት፣ ክርስቶስ በእኔ ፈንታ ሞተ የሚለው ምስክርነት፣ ከዚህ ወንዝ የተቀዳ ነው። ኃይሉን አልክድም። በሕሊናው የተፈረደበት ሰው ፍርዱ አልቋል የሚል ቃል ሲሰማ የሚያገኘው ዕረፍት እውነተኛ ነው፤ ጳውሎስም ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን እንደ ሆነ ለገላትያ ጽፏል። ግን ካልቪን ራሱ፣ አውግስጢኖስን ተከትሎ፣ እግዚአብሔር ከመስቀሉ በፊት እንደ ወደደን፣ መስቀሉም ከዚያ ፍቅር እንደ ወጣ አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ በብዙ መድረክ ላይ ጠፍቷል። ሶሲኒ የተባለ ጸሐፊ በ1594 ንጹሕን መቅጣት ፍትሕ አይደለም ብሎ ተነሣ፤ ግሮትዩስ በ1617 ሌላ ሕጋዊ መልስ ሰጠው፤ ዶርትሬኽት ላይ በ1618 እና በ1619 የተሰበሰቡት የካልቪን ተከታዮች ደግሞ ክርስቶስ ለሁሉ ነው ወይስ ለተመረጡት የሞተው እያሉ ተከራከሩ። የመነሻው ሥዕል የፍርድ ቤት ብቻ ከሆነ ክርክሩ ማብቂያ የለውም።

ስዊድናዊው ጉስታፍ አውሌን በ1930 ይህን ሁሉ አይቶ የጥንቱን የድል ትምህርት መልሶ አነሣ፤ የሉተርንም ልብ እዚያ አገኘሁት አለ። አከፋፈሉ ከልክ በላይ ቀላል ቢሆንም የትንሣኤን ቀን ለምዕራቡ መለሰለት። እኛ ትንሣኤን የምናከብር ሰዎች ትምህርቱን አጥተነው አናውቅም።

በመንበሩ ላይ ያለው

በኢትዮጵያ ዛሬ ስለ ሥርየት የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በሁለት ነገር ይዞራል። አንደኛው ቅዱስ ቁርባን ነው። ኦርቶዶክሳውያን በመንበሩ ላይ የሚቀርበው ያው የቀራንዮው ሥጋና ደም ነው ሲሉ፣ ብዙ ፕሮቴስታንቶች አንድ ጊዜ የተፈጸመውን መድገም ይሆናል ብለው ይሠጋሉ። የትሬንት ጉባኤ በ1562 ለካቶሊካውያን የሰጠው መልስ መሥዋዕቱ አንድ ሆኖ የአቀራረቡ መንገድ ብቻ እንደሚለይ ነው። ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ዕብራውያንን ሲተረጉም ሌላ መሥዋዕት እንደማይቀርብ፣ በየቦታው ቢቀርብም ክርስቶስ አንድ ስለሆነ መሥዋዕቱም አንድ እንደ ሆነ አስተምሯል። ድርሳኑ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ሊቃውንቶቻችን የሚያመሰጥሩት ነው። ይህን ያነበበ ፕሮቴስታንት ኦርቶዶክሱ መስቀሉን ይጨምርበታል አይልም፤ ያነበበ ኦርቶዶክስም ቁርባኑን ለእግዚአብሔር የሚከፈል ግብር አድርጎ አያስብም። በቁርባን ተቀባዩ ሰው ነው፤ ሰጪው ሌላ ነው።

ሁለተኛው የምልጃ ክርክር ነው። ክርስቶስ ዛሬ ይማልዳል ወይስ ይፈርዳል? ኦርቶዶክሳውያን የምልጃውን ሥራ በመስቀል ላይ በሥጋው ወራት ፈጽሞታል ይላሉ፤ ወንጌላውያን ዛሬም በአብ ቀኝ ይማልዳል ይላሉ። አንዱ ወገን ወልድ ከአብ ያንሳል እንዳይባል ይጠነቀቃል፣ ሌላው የመስቀሉ ሥራ ያለፈ ታሪክ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ሁለቱም ጥንቃቄዎች ተገቢ ናቸው። ያሳዘነኝ ክርክሩ በስድብ መሞላቱ ነው፤ ስለ እርቅ እየተነጋገርን ነው የተጣላነው።

በሰሙነ ሕማማት ምእመናን የአዳምን የአምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን መከራ እያሰቡ ይሰግዳሉ፤ በስቅለት ማታም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ ስግደት ይቆርጥላቸዋል። ይህን የኃጢአት ክፍያ አድርጎ የሚያይ ሰው በውጭም በውስጥም አለ። ትምህርቱ ግን ተሳትፎ ነው የሚለው፤ የተሰጠንን ሕማም በሥጋችን ማሰብ።

በሌላ ሰው ደም

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ጥያቄው ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ቁስለኞች ደርሷል። ፈረንሳዊው ረኔ ዢራር በ1972 እና በ1978 ባሳተማቸው መጻሕፍት ማኅበረሰቦች ሰላማቸውን የሚያገኙት በአንድ ተጠቂ ላይ በመተባበር ነው አለ። ወንጌል ግን ታሪኩን የሚተርከው ከተጠቂው ወገን ሆኖ ስለሆነ፣ ተጠቂውም ንጹሕ መሆኑን ስለሚመሰክር፣ ይህን ምሥጢር ለዘላለም አጋልጦታል። ዢራር ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ለመክፈት መሞከሩ ያጠብበዋል፤ ዘሌዋውያንም በእርሱ ቁልፍ አይከፈትም። ስለ ቀያፋ ምክር፣ አንድ ሰው ለሕዝቡ ቢሞት ይሻላል ስለሚለው ስሌት፣ ግን ከእርሱ በጠራ ሁኔታ የጻፈ አላውቅም።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ዴሎሪስ ዊልያምስ በ1993 ይበልጥ ከባድ ነገር ጠየቀች። ቅድመ አያቶቿ በሌሎች ምትክ እንዲሠሩ፣ እንዲወልዱ፣ እንዲሠቃዩ ተገድደው ነበር፤ ምትክ ሆኖ መሠቃየት ቅዱስ ነው የሚል ትምህርት ለእነርሱ ምን ዓይነት የምሥራች ነው? ጄምስ ኮን በ2011 የክርስቶስን መስቀል ጥቁሮች ከተሰቀሉበት ዛፍ ጋር አቆመና እግዚአብሔር ከተሰቀሉት ጋር እንጂ ከሰቃዮቹ ጋር አልነበረም ብሎ መሰከረ። የዊልያምስ ጥያቄ ለእኛም ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለምክር ስትመጣ መስቀልሽን ተሸከሚ የሚላት ሰው በየቦታው አለ። ክርስቶስ ነፍሱን በፈቃዱ ሰጠ፤ ማንም አልወሰደበትም። የእርሷን ሕይወት ግን ሌላ ሰው እየወሰደው ነው። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ትምህርተ ድኅነትን ማርከስ ነው።

በሕዝብ ደረጃም እንዲሁ። ከ1966ቱ (በእኛ አቆጣጠር) አብዮት ወዲህ ደርጉም፣ ተቃዋሚዎቹም፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡትም የመሠዊያውን ቋንቋ ከቤተ ክርስቲያን ተውሰዋል። በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ የሰማዕታት ሐውልቶች ቆመዋል። ለሞቱት ክብር መስጠት ተገቢ ነው፤ እናቶቻቸው ያለቀሱላቸው ልጆች ናቸው። ነገር ግን ገና ያልሞተውን ወጣት መሥዋዕት ክፈል ብሎ ወደ ጦር ሜዳ የሚሰድድ አንደበት በቀያፋ ወንበር ተቀምጧል። የዕብራውያን መልእክት አንድ ጊዜ የቀረበው መሥዋዕት ለዘላለም በቂ ነው ሲል፣ ሌላ የሰው ደም ምድርን ያነጻል ለሚል ማንኛውም ድርጅት፣ ብሔር ወይም መንግሥት ቦታ አይተውም። ያው መልእክት በመጨረሻው ምዕራፉ የሚቀረውን መሥዋዕት ይነግረናል፤ ምስጋና፣ በጎ ማድረግና ያለውን ማካፈል።

ስለዚህ የስቅለትን ስብከት የምታዘጋጁ መምህራንና ሰባክያን ሆይ፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ፣ ዘሌዋውያን 16ን ከዕብራውያን 9 ጋር ጎን ለጎን አንብቡ። ከአብ ቁጣ ሳይሆን ከአብ ስጦታ ጀምሩ። የቀማውን ሳይመልስ ለሚቆርብ ሰው የበደልን መሥዋዕት ሕግ ንገሩት፤ ለምትደበደበውም ሴት መጠጊያ ፈልጉላት እንጂ መስቀሉን የመደብደብ ትእዛዝ አታድርጉባት።